ራስጌም ግርጌም የሚጠበው ድንኳን፦ ለረጅም ሰው የሚሆነውን እንዴት እንምረጥ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ቁመቴ 1 ሜትር ከ94 ነው፣ ጫማዬ 46። ነዋሪነቴ ጅማ ነው። ፈቃድ ካላቸው የአደን ቡድኖች ጋር ወደ ባሌና አርሲ ደጋ እወጣለሁ፤ በመሃሉም በለጠ ጌራ ጫካ አድራለሁ። ድንኳኔ ‹የ3 ሰው፣ 210 በ180› ይላል። ባልዘነበበት ሌሊት እንኳ የመኝታ ከረጢቴ ግርጌው ርሶ ያድራል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ከላዩ የዝናብ ሽፋን ሥር ያለውን የውስጡን ጨርቅ በ30 ሳንቲሜትር አስረዘምኩት፣ ስፌቱንም ሲሊኮን አስቀባሁት፤ ይባስ ብሎ ረጠበ፣ ዚፑም ይወጠራል። አሁን ደግሞ አንዱ ዘንግ ተሰነጠቀ። ላሠራው ወይስ ሌላ ልግዛ? ብርዱ ሲጠናስ ትንሽ ከሰል ባስገባ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ፍም ሆኖ ጭሱ ቢያልቅም፣ በሩ ገርበብ ቢልም አይገባም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

ወደ እርጥበቱ እንምጣ። ዝናብ ሳይኖር የሚረጥበው ግርጌው ብቻ ከሆነ፣ ድንኳንህ አያፈስም ባይ ነኝ። የሚያረጥብህ እግርህ ነው። የእግርህ ጣት የውስጡን ጨርቅ ገፍቶ ከላዩ ሽፋን ጋር ያጣብቀዋል። የላዩ ሽፋን በውስጥ ፊቱ ሌሊቱን ሙሉ የትንፋሽህን ጤዛ ይይዛል፤ ጨርቁ ሲነካው ውኃው ወደ ከረጢትህ ይሻገራል። ሰፊው ያባሰውም ለዚህ ነው፤ የውስጡን አስረዘመ፣ የላዩን እንደነበረ ተወው። በሁለቱ መካከል አንድ መዳፍ ያህል፣ ወደ 10 ሳንቲሜትር የሚሆን ክፍተት መኖር ነበረበት፤ እሱ ጠፋ። ዚፑ የሚወጠረውና ዘንጉ የተሰነጠቀውም ለአጭር ሽፋን የተለካ ዘንግ ረጅም ጨርቅ እንዲጎትት ስለተፈረደበት ይመስለኛል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አረጋግጥ። ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ትከል፣ ማንም አይግባበት። ከጀሪካን 20 ሊትር ውኃ ግርጌው ላይ ቀስ እያልክ አፍስስ፤ ከዚያ ገብተህ በደረቅ ሶፍት የውስጡን ስፌት ዳብስ። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። ከረጠበ ግን ጥፋቱ የሲሊኮኑም ነው። ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት የመስኮት ሲሊኮን ፖሊዩሪቴን (ውኃ እንዳያስገባ የሚቀባ ፕላስቲክ) በተቀባ ጨርቅ ላይ አይጣበቅም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ እንደ ቅርፊት ይላጣል። እንዲህ ያለው ጨርቅ የራሱን የፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ነው የሚፈልገው። የተቀባውን ጠራርገህ ሳታነሳ ሌላ አትደርብበት።

አሁን ሁሉም ሻጭ የሚዘለውን ነገር ልንገርህ። «210» የሚለው የወለሉ ርዝመት ነው። ሰው ግን ወለል ላይ እንደ ወረቀት ተነጥፎ አይተኛም። በጀርባህ ስትተኛ 46 ቁጥር እግርህ ጣቱ ከፍራሹ ወደ 25 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ፍራሹ 5 ከሆነ ጣትህ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ራስጌም ትራስና ፊትህ እዚያው ከፍታ አካባቢ ናቸው። የድንኳን ግድግዳ ደግሞ ወደ ውስጥ ያጋድላል። ስለዚህ መለካት ያለበት 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ያለው ርዝመት ነው። ዲግሪ ስል ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ነው፤ 90 ማለት ቀጥ ያለ ነው። ግድግዳው 45 ዲግሪ ከሆነ በራስጌ 30፣ በግርጌ 30 ይበላብሃል፤ ከ210ሩ 150 ይቀርሃል፣ የልጅ አልጋ ማለት ነው። በ60 ዲግሪ በየጫፉ 17 ስለሚበላ 175 ይቀራል። በ75 ዲግሪ በየጫፉ 8 ብቻ ስለሆነ 194 ይቀራል፤ እሱም ቁመትህ ልክ ነው፣ መንጠራሪያ የለውም። ገልብጠን እናስላው። ላንተ ቢያንስ 220 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በ45 ዲግሪ ድንኳን ወለሉ 280፣ በ60 ዲግሪ 255፣ በ75 ዲግሪ 236 መሆን አለበት። 10 ሳንቲሜትር ስፖንጅ ፍራሽ ብታነጥፍ ደግሞ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ትወጣለህና ቦታው እንደገና ይቀንሳል። የአደን ካምፕ ታጣፊ አልጋማ የባሰ ነው። አልጋው 40 ከፍ ካለ ጣትህ 65 ላይ ነው፤ በ60 ዲግሪ ግድግዳ በየጫፉ 37 ያህል ታጣለህ። ምቾት ብለው አልጋ አምጥተው ድንኳን የሚያጥራቸው ለዚህ ነው።

ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግህም። ክር ላይ ትንሽ ድንጋይ እሰር። የተተከለው ድንኳን ውስጥ ገብተህ፣ ግርጌው ግድግዳ ላይ ከወለሉ 30 ሳንቲሜትር የሆነውን ቦታ በጣትህ ያዝና ክሩን ከዚያ ልቀቀው። ድንጋዩ ካረፈበት እስከ ግድግዳው ሥር ያለውን በሜትር ለካ፤ የሚበላብህ ያ ነው። ራስጌም ድገመው፣ ሁለቱንም ከወለሉ ቀንስ። እዚያው ጅማ ሂርማታ ገበያም ገዛህ አዲስ አበባ መርካቶ፣ «ተክዬ ልለካ» ስትለው እሺ ከማይል ሻጭ አትግዛ።

ከቅርጽ አንፃር፣ እንደ ቤት ጣሪያ የሆነው ባለ ሁለት ምሰሶ ድንኳን፣ ራስጌና ግርጌው ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ፣ ለረጅም ሰው የሚስተካከለው የለም፤ በርዝመት የሚበላው የለምና 240 ወለል ይበቃሃል። ጎኑ ይጠባል፣ እሱን ቻለው። የዋሻ ቅርጽ ያለውም ጫፎቹ ቀጥ ያሉ እስከሆኑ ደህና ነው፤ ካስማ የማይይዝ ድንጋያማ መሬት ላይ ግን ያስቸግራል። ሁለት ዘንግ የሚሻገሩበት እንዳንተ ያለው እንደ ጉልላት የጎበጠ ድንኳን በቁጥሩ የሚያታልለው ነው። ባለ አንድ ምሰሶው ሾጣጣ መሃሉ ላይ ያስቆምሃል፣ ግድግዳው ግን በጣም ያጋድላል፤ የወለሉ ስፋት 4 ሜትር ካልደረሰ አልመክርህም። እሱን የሚሸጡ «ምድጃ ይገባበታል» ይላሉ። የሚገባው ጭስ ማውጫ ቱቦ ያለውና ቱቦው እሳት በሚችል ቀዳዳ የሚወጣ የእንጨት ምድጃ ነው፤ እሱም ከመተኛትህ በፊት ይጠፋል። የኛ የከሰል ምድጃ በዚህ አይቆጠርም፣ አይገባም ብያለሁ።

ስትገዛ የላዩ ሽፋን እስከ መሬት የሚወርድ ይሁን፤ ውኃ መቋቋሙ (መለያው ላይ በሚሊሜትር የሚጻፈው የውኃ ግፊት ልክ) 3000 ሚሊሜትር ይሁን፣ ወለሉም ከዚያ አይነስ። ዘንጉ አሉሚኒየም ይሁን። ያ ርካሽ የፋይበር ዘንግ በብርድ ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩ መዳፍ ይወጋል፤ ጨርቁን ቀድዶ ሲወጣም ከዘንጉ የሚበልጥ ወጪ ያመጣል። ክብደቱን ፈረስ ወይም በቅሎ የሚሸከምልህ ከሆነ 2 ኪሎ ለመቆጠብ ብለህ አጭር አትግዛ። መሬት ላይ የምታነጥፈው ላስቲክ ከድንኳኑ አንድ ጋት ወደ ውስጥ ይግባ፤ የወጣ እንደሆነ ዝናቡን ሰብስቦ ከሥርህ ያስተኛዋል።

ያንተን አሮጌ ድንኳን አላሠራውም፤ የላዩን ማስረዘም ከዋጋው በላይ ያስወጣሃል። አዲሱ እስኪገኝ ግን ሁለት ነገር አድርግ። ብቻህን ስታድር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተኛ፤ 210 በ180 የሆነ ወለል በሰያፍ 277 ይመጣል፣ ማዕዘኑ ስለሚጠብ ሙሉውን ባታገኝም። ቀጥሎ የላዩን ሽፋን ከግርጌህ አርቀው። ብይ የሚያህል ለስላሳ ድንጋይ ከሽፋኑ ውስጥ በኩል፣ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ላይ አስደግፍ፤ በውጭ በኩል ጨርቁን በድንጋዩ ላይ አንቀህ በአውታር እሰረው፣ አውታሩንም 1 ሜትር ርቆ በተተከለ ካስማ ወጥር። ሳትበሳና ሳትሰፋ ክፍተቱ ይመለሳል። ለተሰነጠቀው ዘንግ ከድሮ የቴሌቪዥን አንቴና 15 ሳንቲሜትር ቱቦ ቁረጥ፣ ጫፉን በሞረድ አለስልስ፣ ስንጥቁ መሃል ላይ እንዲሆን አግባውና ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር አጥብቀህ ጠቅልል።

ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው፤ ከላይ ብርድ ልብስ ከምትደርብ ከሥር ሌላ ስፖንጅ አንጥፍ፣ ከላይ ላሰላነው ግን ውፍረቱን ጨምረህ ቁጠር። ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት ውኃ መያዣ ውስጥ ትኩስ ውኃ ሞልተህ፣ በካልሲ አልብሰህ ግርጌህ አስቀምጠው። ውኃውን ያፈላህበት ምድጃ ውጭ ይደር።