ጥያቄና መልስ፦ ሐኪሙና ወፎቹ

ባለፈው ስለ ኤድጋር ሜርንስ ጽፌ ነበር። ላመለጣችሁ፣ ሰውየው አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነው። ከ1892 እስከ 1894 የአሜሪካንና የሜክሲኮን ድንበር እንደገና ከቀየሰው ቡድን ጋር ሄዷል፤ ሐኪምም የተፈጥሮ ተመራማሪም ሆኖ። ወፍና ትንንሽ እንስሳ እየገደለ ቆዳቸውን ለጥናት ይሰበስብ ነበር። ጥያቄው ጎርፏል፣ ጥቂቱን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ደመወዝ የሚበላው ለሕክምና፣ የሚያሳድደው ወፍ! ምን የሚሉት ሐኪም ነው?

ሕክምናውንም አልተወም። ግን በረሃ ላይ ያለ ጦር ሰፈር ውስጥ አብዛኛው ሰው ወጣት ነው፣ በሽተኛ የሌለበት ቀን ብዙ ነው። ዋሽንግተን ያለው ስሚዝሶኒያን የተባለው የሙዚየምና የምርምር ተቋም ይህን አውቆበታል። የጦር ሐኪሞች በትርፍ ጊዜያቸው የእንስሳት ናሙና እንዲልኩለት ይወተውት ነበር። ደግሞስ ቢላ የለመደ፣ የአካል ክፍሎችን የተማረ፣ መዝገብ መያዝ የሚያውቅ ሰው እዚያ በረሃ ከየት ይመጣል? ሜርንስ የመጀመሪያውም አይደለም። ከእሱ በፊት ኤሊዮት ኩዝ የሚባል ሐኪም በካናዳ በኩል ባለው ድንበር ይህንኑ ሁለት ሥራ ሠርቷል።

ጥያቄ፦ በዚያ ሙቀት ወፉ አይሸትም?

እንዴት አይሸት! ለዚህ ነው የተገደለው የማያድረው። ሆዱ ይሰነጠቅና ቆዳው ከነላባው እንደ ካልሲ ይገለበጣል። ሥጋው ይወጣል፣ ውስጡ አርሴኒክ ይቀባል፣ ጥጥ ይሞላና ይሰፋል። አርሴኒኩ መርዝ ስለሆነ ብል አይደፍረውም። (የሚቀባውንም ሰው አይምርም።) አይጦቹ ደግሞ ማታ ወጥመድ ይዘረጋላቸዋል፣ ጠዋት ይለቀማሉ።

እኔን የምትገርመኝ ግን እግር ላይ የምትታሰረው ወረቀት ናት። ቦታ፣ ቀን፣ ፆታ፣ የሰብሳቢው ስም። እሷ ከጠፋች የቀረው ጥጥ የተሞላ ቆዳ ብቻ ነው። ቀያሾቹ ከኤል ፓሶ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ የድንበሩን ምልክቶች 258 ሲያደርሱ፣ እነ ሜርንስ 30 ሺህ ገደማ ናሙና ይዘው ተመለሱ።

ጥያቄ፦ እኛ አገር መጥቷል ያልከው የምር ነው?

የምር ነው። በ1911 መጨረሻ፣ ቻይልድስ ፍሪክ የተባለ የከበርቴ ልጅ ባዘጋጀው ጉዞ ነው የመጣው። ባቡሩ ያኔ ከድሬዳዋ አያልፍም፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው መንገድ የቅፍለት ነበር። አዋሽን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በአርሲ ደጋ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በደቡብ ባለው በጋርዱላ አድርገው ወደ ቱርካና ሐይቅ ወረዱ። በ1912 ናይሮቢ ደረሱ። ወፎቹን ኸርበርት ፍሪድማን አጥንቶ ውጤቱን ሲያሳትም ዘመኑ 1930ዎቹ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ ወፍ መፍጀት ጭካኔ አይደለም?

ለእኔም ይከብደኛል። ግን የት ቦታ ምን ይኖር እንደነበር ዛሬ የምናውቀው በእነዚያ ቆዳዎች ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ምን ሆነ?

ስኳር በሽታ። እኛ አገር ሲመጣም በሽታው ነበረበት። በኅዳር 1916 ዋሽንግተን ውስጥ ሞተ፤ ዕድሜው 60 ነበር። የበሽታው መድኃኒት ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሽተኛ የተሰጠው በ1922 ነው።