እጃችሁን ሰብስቡ፦ ነርስ ለምታስተምሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ነርሶችን አስተምራችሁ ሐኪም ወደማይገኝበት ሩቅ አካባቢ የምትልኩ ወጣት መምህራን፣ እንደምን አላችሁ? እኔ ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አንዲት ተማሪዬ የነገረችኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከእሱ ልጀምርላችሁ።

ከተመረቀች ገና ጥቂት ወሯ ነበር። የተመደበችበት ጤና ጣቢያ ከሆስፒታል የብዙ ሰዓት መንገድ ይርቃል። ሌሊት ነው፤ ብቻዋን ተረኛ ናት። አንዲት እናት አዋለደች። ሕፃኑ አላለቀሰም። አደራረቀችው፣ ጀርባውን አሸችው፤ ጭጭ አለ። አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ አነሳችና ማስኩን ፊቱ ላይ ገጥማ ጨመቀች። ደረቱ አልተነሳም። ደግማ ጨመቀች። አየሩ በማስኩ ጠርዝ እያፏጨ ሲወጣ ይሰማታል። «ያኔ ምን አደረግሽ?» አልኳት። «ቀና ብዬ እርስዎን ፈለግኩ» አለችኝ።

ሕፃኑ ተርፏል። አንገቱን በጥቂቱ አቃንታ፣ ማስኩን እንደገና ገጥማ ስትጨምቅ ደረቱ ተነሳ። ጎበዝ ልጅ ናት። እኔን ስትፈልግ ያለፉት ሰከንዶች ግን የእኔ ጥፋት ናቸው። ክፍል ውስጥ በመለማመጃው አሻንጉሊት ስትሠራ፣ ደረቱ እምቢ ባለ ቁጥር እጄን ዘርግቼ አንገቱን የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። በቅንነት ነው። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ፈተናውንም በጥሩ ነጥብ አለፈች። ግማሹን ሥራ የሠራው የእኔ እጅ መሆኑን እሷም አላወቀች፣ እኔም አላወቅኩ።

ልጆቼ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ከእኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ተማሪያችሁ ነገ የምትሠራው ሰው በሌለበት ነው። ዞር ብላ የምትጠይቀው ሲኒየር የለም። ላቦራቶሪው ምናልባት የለም፣ ራጁ በእርግጠኝነት የለም። ስለዚህ ስታስተምሩ ያንን ባዶነት ክፍል ውስጥ አምጡት። እኔ ከዚያች ልጅ ወዲህ እንዲህ ማድረግ ጀመርኩ። ለአሻንጉሊቱ ልኩ ያልሆነ ሰፊ ማስክ አስቀምጣለሁ። ትክክለኛውን ከሌሎች ዕቃዎች ሥር እደብቃለሁ። ሰዓቱን አስነስቼ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። በመስኮት አያለሁ፤ አልገባም። የማይተነፍስ ሕፃን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ አየር ማግኘት አለበት፤ ያቺ ደቂቃ እንዴት እንደምትሮጥ የሚገባቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። የመጀመሪያ ቀን ይደናገጣሉ፤ የሚያለቅሱም አሉ። በሦስተኛው ሙከራ ደረቱ አልነሳም ሲል ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ዓይናቸው ወዲያው ወደ አንገቱና ወደ ማስኩ ይሄዳል።

ይሄ በአሻንጉሊት ነው እንግዲህ። እውነተኛ ታካሚ ፊት እጃችሁን ከኋላችሁ አድርጉት፣ ግን ዝግጁ ይሁን። ታካሚ የማንም መማሪያ ተብሎ አይጎዳም።

የሳንባ ምች ስለሚለይበት የትንፋሽ ቆጠራ ደግሞ ላውራችሁ፤ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ የሚበላሸው ግን እዚያ ነው። ቁጥሮቹን ተማሪዎቻችሁ እንደ ውዳሴ ይወጡታል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፤ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ። ጥሩ። ከዚያ ሲቆጥሩ እዩአቸው። 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዛሉ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ትንፋሽ ቢሳሳቱ፣ ሲባዛ ስሕተቱ ስምንት ይሆናል። ስምንት ማለት ጤነኛውን የሳንባ ምች ታማሚ፣ ታማሚውን ጤነኛ የሚያደርግ ልዩነት ነው። ደግሞ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም፤ ይሮጣል፣ ቆም ይላል፣ ይሮጣል። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ቢሳሳቱ የሚያርማቸው መሣሪያ አለ። ሩቁ ጤና ጣቢያ ግን መሣሪያው ቆጠራው ራሱ ነው። ስለዚህ ሙሉ ደቂቃ። ልጁ ተረጋግቶ፣ ሳይጠባ፣ ልብሱ ተገልጦ። እኔ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ዝም አሰኝቼ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰዓት ብቻ እንዲያዩ አደርጋለሁ። ረጅም ነው። እናት እያለቀሰች፣ ወረፋው እየጮኸ ደግሞ የበለጠ ይረዝማል። ያንን ርዝመት ካሁኑ ይልመዱት።

መድኃኒቱም እንደዚሁ ዓይን የሚያታልል ነገር አለው። እናት ከወለደች በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ደም እንዳይፈሳት የምትወጋው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሙቀት ያበላሸው ኦክሲቶሲንና ደህናው ብልቃጣቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ኩልል ያሉ ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው ደሙ አልቆም ሲል ነው። ስለዚህ ፍሪጅ የጽዳት ሠራተኛ ጉዳይ ነው ብላ የምታስብ ተማሪ ካለቻችሁ አታስመርቋት። ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ማታ አንብባ መጻፍ እንደ ደም ግፊት መለካት ይቆጠርላት።

አሁን ወደ ስልኩ። ብቻዋን ናት ስል አጠገቧ የምትጠይቀው ሰው የለም ማለቴ እንጂ መጠየቅ የለባትም ማለቴ አይደለም። መቼ መደወል እንዳለባት፣ ደውላም ምን ማለት እንዳለባት ማወቅ ትልቅ ሙያ ነው። ብዙዎቹ ግን ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ይጀምሩታል። «ትናንት ማታ ትንሽ አመማት፣ ከዚያ ባሏ...» እያሉ። በዚህ መሃል መስመሩ ይቋረጣል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ችግሩንና የሚፈለገውን መያዝ አለበት፦ «ከወሊድ በኋላ ብዙ እየደማች ያለች እናት አለችኝ፤ አምቡላንስ አሁን እፈልጋለሁ»። የልብ ምቱ፣ ግፊቱ፣ የተሰጠው መድኃኒት ከዚያ ይከተላል። ማለማመጃው ቀላል ነው። ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አስቀምጡ። አንዷ የታካሚዋን ሁኔታ የያዘ ወረቀት ይዛ ትናገር፤ ሌላዋ ሰምታ ብቻ ውሳኔ ትስጥ። በ30 ሰከንድ አቋርጧቸው። ከዚያ ሰሚዋን «ምን ገባሽ?» በሏት። መልሱ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል።

በዚህ ነገር አውስትራሊያዊያን ሁልጊዜ ያስቀኑኛል። በአውሮፕላን ወደ ሩቅ አካባቢ የሚደርሰው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎታቸው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ በየሩቁ መንደር የመድኃኒት ሣጥን አስቀመጡ። በሣጥኑ ውስጥ እያንዳንዱ መድኃኒት ቁጥር አለው። ሐኪሙ በሬዲዮ የሚጠራው ቁጥሩን ነበር። የመድኃኒት ስም ማንበብ ያቃተው ሰው እንኳ ቁጥር አይስትም። ተናጋሪውም ሰሚውም አንድ ዓይነት ነገር ፊታቸው አለ ማለት ነው። እናንተም ተማሪያችሁና ተረኛው ሐኪም አንድ ዓይነት ፎርም ይዘው እንዲነጋገሩ ብታደርጉ ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል።

ሌላው የትምህርቱ ቦታ ነው። ሜሪ ብሬኪንሪጅ እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ኬንታኪ ተራሮች ውስጥ በፈረስ ቤት ለቤት የሚሄዱ ነርስ አዋላጆችን አሰማራች። ብዙዎቹ እንግሊዝ የሠለጠኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ አገራቸው ተመለሱ። እሷ ምን አደረገች? እዚያው ተራራው ላይ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ተማሪዎቹ የሚማሩት የሚሠሩበት ቦታ ላይ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው፣ በ2021 ደግሞ ባሻሻለው መመሪያ ይህንኑ ነው የሚመክረው፦ ተማሪዎችን ከገጠር መልምሉ፣ የተግባር ልምምዱንም ገጠር አድርጉት ይላል። ትምህርት ቤት መክፈት በእጃችሁ ላይሆን ይችላል፤ የልምምድ ቦታ ስትመድቡ ግን ድምፅ አላችሁ። ሁለት ሳምንት ለጉብኝት ያህል አትላኳቸው። አንድ ሕመምተኛ ሲመጣ፣ ሲሻለው፣ ወይም ሳይሻለው ተመልሶ ሲመጣ ለማየት የሚበቃ ጊዜ ይሁን።

እዚያ ሲሄዱ ክፍል ውስጥ ያልነገራችኋቸውን ነገር ራሳቸው ያገኙታል። ታካሚያቸው ጎረቤታቸው ነው። መንገድ ላይ «እገሊት ምን ሆና ነው ትናንት የመጣችው?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጠያቂውም ክፉ ሰው አይደለም። «እሷን ብትጠይቋት ይሻላል» ብሎ ፈገግ ማለት መማር ይፈልጋል። አንዴ ምስጢር ያወጣች ነርስ ጋ ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ ለመታከምም ሌላ በር የለውም። ይህን በምሳሌ ተጫወቱት። እናንተ ወሬ ፈላጊ ጎረቤት ሁኑና አጥብቃችሁ ጠይቁ። መልስ ሲያጡ እንዳትረዷቸው፤ እዚህም እጃችሁን ሰብስቡ።

ከተመረቁ በኋላ ግን እጃችሁን ዘርጉላቸው። በሌሊት ሲደውሉ «ይህን እኮ አስተምሬሻለሁ» አትበሉ። «አሁን ፊትሽ ያለው ምንድን ነው?» በሉ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ብዙ ጊዜ መልሱን ራሳቸው እየተናገሩ ያገኙታል። ለሱፐርቪዥን ስትሄዱም መዝገብ ለማገላበጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የት እንደምታድር ጠይቋት፤ በሯ ይቆለፍ እንደሆነ፣ ሌሊት ሲያንኳኩባት አብሯት የሚወጣ ሰው አለ ወይ፣ መጨረሻ እረፍት የወጣችው መቼ እንደሆነ። ቀጥሎ ፍሪጁን አብራችሁ ክፈቱ። ከዚያ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እናንተ ወደ በሩ ሂዱ።