ጥያቄና መልስ፦ የአረንጓዴው ፖም ባለቤት ማን ነበሩ?

ሰሞኑን ስለ «ግራኒ ስሚዝ» ፖም በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውናል። አንዳንዱ ስለ ሴትየዋ ታሪክ፣ አንዳንዱ ስለ ዛፉ አያያዝ የሚጠይቅ ነው። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አረንጓዴው ፖም ላይ የሚለጠፈው ‹ግራኒ ስሚዝ› የኩባንያ ስም ነው ወይስ የሰው?» (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

የሰው ስም ነው። ማሪያ አን ስሚዝ ይባላሉ፤ የአባታቸው ስም ሸርዉድ ነበር። በ1799 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሴክስ ውስጥ ፒስማርሽ በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው በሰው እርሻ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ማሪያ በ1819 እንደሳቸው የገጠር ሠራተኛ የሆነውን ቶማስ ስሚዝን አገቡ። ስምንት ልጆች ወልደው ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። በስተርጅና፣ ሲድኒ አጠገብ የፍራፍሬ እርሻ ይዘው ሲኖሩ፣ የአካባቢው ሰው «አያት ስሚዝ» ይላቸው ነበር። ፖሙ የወረሰው ይህንኑ መጠሪያ ነው።

ስለ ዛፉ አበቃቀል ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው፣ ማሪያ ምግብ ሲያበስሉ የፖም እምብርት በመስኮት እየወረወሩ ከመስኮቱ ሥር ችግኝ በቀለ ይላል። ሁለተኛው ምስክር ያለው ነው። በ1924 አንድ የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊ ሴትየዋን የሚያውቁ ሁለት ሰዎችን አነጋግሮ በአንድ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ አወጣው። ከሁለቱ አንዱ በ1868 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ማሪያ እሱንና አባቱን ጠርተው በጅረት ዳር የበቀለ ችግኝ አሳይተዋቸዋል። ከታዝማኒያ የመጣ «ፈረንሳይ ክራብ» የተባለ ፖም ትራፊ እዚያ ደፍተው ነበርና ከዚያ የበቀለ ነው ብለዋቸዋል። እኛ የምናምነው ይህንን ነው። ፈረንሳይ ክራብ ራሱ አረንጓዴና ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆይ ፖም ስለነበር የልጁ ጠባይ ከእናቱ ጋር ይገጥማል።

«ሴትየዋ አውስትራሊያ የሄዱት እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎች እስረኛ ሆነው ነው? ደግሞስ መጻፍ የማይችል ድሃ ቤተሰብ ታሪክ ይህን ያህል እንዴት ሊታወቅ ቻለ?» (አንባቢ፣ ከሜልቦርን)

እስረኛ አልነበሩም። እርግጥ በ1838 የእስረኛ መርከቦች ሲድኒ ወዳለችበት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ መምጣታቸውን ገና አላቆሙም ነበር። ቅኝ ግዛቱ ግን ጎን ለጎን የእርሻ ሙያ ያላቸውን ቤተሰቦች በወኪል እያስመለመለ ያመጣ ነበር። ስሚዞች ከዘመዶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተመዝግበው፣ «ሌዲ ኑጀንት» በተባለች መርከብ ኖቬምበር 27 ቀን 1838 ሲድኒ ገቡ።

ቶማስ ዛሬ ራይድ በሚባለው፣ ያኔ ኪሲንግ ፖይንት ይሉት በነበረው አካባቢ፣ ለአንድ ሰፋሪ በዓመት 25 ፓውንድ ተቀጠረ። በ1855 እና 1856 መካከል ደግሞ 24 ኤከር፣ ማለትም 9.7 ሄክታር ያህል መሬት በ605 ፓውንድ ገዛ። እስቲ ያስሉት፦ ከዚያ ደመወዝ አንድ ሳንቲም ሳይነኩ ቢያስቀምጡ እንኳ ከ24 ዓመት በላይ ይፈጃል። እነሱ በ17 ዓመት ገደማ ገዝተውታል። በዚያ ደመወዝ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የቤተሰቡ ሁሉ ጉልበት ገብቶበታል። ማሪያም በሳምንት አንድ ቀን በሲድኒው የጆርጅ ጎዳና ገበያ ምርታቸውን ይሸጡ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ድሃ ሰው ደብዳቤና ማስታወሻ ባይተውም መዝገብ ላይ ይገኛል። የማሪያ ጥምቀት ጃንዋሪ 5 ቀን 1800 በፒስማርሽ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የጋብቻቸው መዝገብ ላይ ሙሽሮቹ በስማቸው ፈንታ ምልክት አድርገዋል፤ መጻፍ እንደማይችሉ የምናውቀው ከዚህ ነው። ቀጥሎ የመርከቡ የተሳፋሪ ዝርዝር፣ የመሬቱ ሽያጭ ውል፣ በመጨረሻም የሞት መዝገብ አለ።

እርስዎም በአውስትራሊያ የአንድን ቤተሰብ ታሪክ መፈለግ ቢፈልጉ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሂዱ። በኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥታዊ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ማርች 1 ቀን 1856 ነው። ከዚያ በኋላ የተሰጠ የሞት የምስክር ወረቀት የሟቹን ወላጆች ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ በቅኝ ግዛቱ የኖረበትን ጊዜ፣ የትዳር ሁኔታና የልጆችን ስም ከነዕድሜያቸው ይጠይቃል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት የሦስት ትውልድ መነሻ ይገኛል። ጥንቃቄም ይፈልጋል፤ መረጃውን የሚሰጠው ልጅ ወይም ጎረቤት እንጂ ሟቹ ስላልሆነ የአያት ስምና ዕድሜ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ያገኙትን የትውልድ ቦታ ይዘው በእንግሊዝ የአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ያመሳክሩ። ከ1856 በፊት ላለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብና በኒው ሳውዝ ዌልስ ቤተ መዛግብት የሚገኘውን በድጎማ የመጡ ስደተኞች ዝርዝር ይጠቀሙ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ትሮቭ» በተባለው ገጹ የድሮ ጋዜጦችን በነፃ ያስነብባል። እንደ ስሚዝ ያለ ስም ሺህ ሰው ስላለው በስም ብቻ አይፈልጉ፤ የመርከቡን ስም፣ መንደሩን ወይም የሚስትን የአባት ስም አብረው ያስገቡ።

«መሬቱ ከዚያ በፊት የማን ነበር?» (እኚሁ አንባቢ)

ከፓራማታ ወንዝ ሰሜን ያለው የራይድ አካባቢ የዋሉመደጋል ነገድ አገር ነበር። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከጃንዋሪ 1792 ጀምሮ መሬቱን መጀመሪያ ለስምንት የባሕር ወታደሮች፣ ቀጥሎም ለሌሎች ሲያድል ባለቤቶቹን አልጠየቀም። ስሚዞች በገንዘባቸው ገዝተውታል፤ ሆኖም የገዙት ቀድሞ ከሌሎች የተወሰደ መሬት ነው። የቅኝ ግዛት ዘመን ገበሬን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም።

«ቤተሰቡ ከፖሙ ተጠቀመ?» (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

እምብዛም። ማሪያ ማርች 9 ቀን 1870 አረፉ፤ ችግኙን ለጎረቤት ካሳዩ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሆነም። ቶማስ በ1876 ሞተ። ዝርያውን ከመጥፋት ያተረፈው ኤድዋርድ ጋላርድ የተባለ የአካባቢው አትክልተኛ ነው፤ በእርሻው በብዛት ተከለው፣ የስሚዞችንም መሬት ገዛ። በ1890 ፖሙ በካስል ሂል የእርሻ ትርዒት «የስሚዝ ችግኝ» ተብሎ ቀረበ፤ በዓመቱ «የግራኒ ስሚዝ ችግኝ» በሚል ስም በማብሰያ ፖም ዘርፍ ተሸለመ። በ1895 የኒው ሳውዝ ዌልስ ግብርና መሥሪያ ቤት ለውጭ ገበያ የሚሆን ብሎ አወጀው፤ በባተርስት የሙከራ ጣቢያም ይተከል ጀመር። ያኔ አዲስ ዝርያ ላገኘ ሰው መብት የሚያስከብር ሕግ ስላልነበረ ማንም ቆርጦ ሊተክለው ይችል ነበር። እንግሊዝ ድረስ የወሰደው በመጋቢት ተለቅሞ እስከ ኅዳር ድረስ መቆየት መቻሉ ነው።

«ገዝቼ ከበላሁት አረንጓዴ ፖም ዘሩን ብተክል ያው ፖም ይወጣል?» (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

አይወጣም። ዘሩ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ንብ ካመጣችው የአበባ ዱቄት ስለሚይዝ ሌላ ዛፍ ነው የሚሆነው፤ በአብዛኛው ትንሽና ኮምጣጣ ፍሬ ይሰጣል። ለማፍራትም ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ሊያስጠብቅዎ ይችላል። ማሪያ ያገኙት ዓይነት ጥሩ ዛፍ በስንት ሺህ ችግኝ አንዴ የሚገጥም ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ግራኒ ስሚዝ ሁሉ የዚያ የጅረት ዳር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በማዳቀል፣ ማለትም ቅርንጫፉን በሌላ ችግኝ ላይ በማጋጠም ብቻ ነው።

አዳቃዩ እንዲህ ይሠራል። ዓይኑ (ቅጠል የሚወጣበት እንቡጥ) ገና ሳያብጥ ካለፈው ዓመት እድገት እርሳስ የሚያህል፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ያንኑ ውፍረት ያለው ሥር ሰጪ (ከታች ሆኖ ቅርንጫፉን የሚሸከም) ችግኝ ይመርጣል። ሁለቱንም በሰላ ቢላዋ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ሸርተት አድርጎ ይቆርጥና ከልጡ ሥር ያሉት አረንጓዴ ሽፋኖች ቢያንስ በአንድ ወገን እንዲነካኩ ያጋጥማቸዋል። በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ያስራል፤ የላይኛውን ጫፍ በሰም ይሸፍናል። የማይዘው ብዙውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው፦ ቅርንጫፉ ሳይጋጠም ደርቋል፣ ቢላዋው ደንዞ ልጡን ቀጥቅጦታል፣ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ነፋስ አነቃንቆታል። ከመገጣጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ይንቀሉ፤ ከተዉት ሥር ሰጪው ያሸንፍና ግራኒ ስሚዙ ይጠፋል። ሲተክሉም መገጣጠሚያው ከአፈሩ ቢያንስ አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና ዛፉ ከሚፈለገው በላይ ይገዝፋል።

ሥር ሰጪ ሲመርጡ ኤም ኤም 106 የተባለው ዓይነት ለመካከለኛ ቁመት ጥሩ ነው፤ ውሃ በሚተኛበት መሬት ግን አንገቱ ይበሰብሳል። ኤም ኤም 111 ድርቅን የተሻለ ይችላል።

«ዛፎቼ ቅጠል እንጂ አበባ የላቸውም፤ ያበቡትም አያፈሩም።» (አንባቢ፣ ከጨንቻ)

ግራኒ ስሚዝ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ከ400 እስከ 600 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይፈልጋል። እንደ አና ያሉት ዝርያዎች ከዚህ ባነሰ ይረካሉ። በጨንቻ ከፍታ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ረጅም የብርድ ወቅት ስለሌለ ዛፉ ቅጠሉን ራሱ አያረግፍም፤ ሳያርፍም ይከርማል። ስለዚህ ከመልቀም በኋላ ቅጠሉን በእጅ አራግፈው ውሃ ይቀንሱበት፤ ዓይኑ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ቀጥ ብለው የቆሙትንም ቅርንጫፎች በገመድ ስበው ወደ ጎን ያስተኙ፤ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ቅጠል ያበዛል።

አበባው ሳያፈራ የሚረግፈው ብዙ ጊዜ አጋር ዝርያ፣ ማለትም የአበባ ዱቄት የሚሰጠው ሌላ የፖም ዓይነት፣ በማጣት ነው። አጋሩ በዚያው ሳምንት የሚያብብ መሆን አለበት። አና ቀድሞ አብቦ ካበቃ አጠገቡ ቢቆምም አይጠቅምም፤ ስለዚህ በአካባቢዎ አብሮ የሚያብበውን ለአንድ ወቅት አይተው ይትከሉ። አበባ ሳለ ፀረ ተባይ አይርጩ፤ ንቡን ይፈጅብዎታል።

«በቀዝቃዛ መጋዘን ሦስት አራት ወር ያቆየነው ፖም ሲወጣ ደህና ነበር፤ ሱቅ ሲደርስ ቆዳው ቡናማ ሆነ። በሽታ ነው?» (ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ)

በሽታ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አይጋባም፣ ውስጡም ይበላል። የፖሙ ቆዳ በብርድ ውስጥ ሳለ ያጠራቀመው ቅባት ነክ ንጥረ ነገር በአየር ተቃጥሎ ከሥሩ ያሉትን ሕዋሳት ይገድላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ሙቀት ሲያገኝ ነው። ግራኒ ስሚዝ ለዚህ ጉዳት በጣም ከሚጋለጡት ዝርያዎች አንዱ ነው። ሳይበስል የተለቀመ ደግሞ ይብስበታል።

መብሰሉን በቀለሙ አይፈርዱም፤ ሲበስልም አረንጓዴ ነው። ከአቅራቢዎ ጋር በአዮዲን ይፈትሹ፦ ፖሙን ወገቡ ላይ ለሁለት ከፍለው አዮዲን ሲቀቡት ገጹ በሙሉ ከጠቆረ ስታርቹ ገና ወደ ስኳር አልተቀየረም ማለት ነው። መሃሉ ነጥቶ ዳሩ ብቻ ሲጠቁር ለማከማቸት ደርሷል። መጋዘኑን ከ0 እስከ 1 ዲግሪ፣ እርጥበቱን ከ90 እስከ 95 በመቶ ያድርጉ፤ ሣጥኖቹን አየር በሚያሳልፍ አኳኋን ይደርድሩ። ሙሉውን ከማውጣትዎ በፊት ጥቂት ፍሬ ለአንድ ሳምንት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ይዩ። እነዚያ ከጠቆሩ የቀረውን በዚያው ሳምንት ለመጋገሪያና ለጭማቂ ቤቶች ይሽጡ።