የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ 11 ዲግሪ ወይስ 20 ፐርሰንት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ቤተሰቤ ጤፍ የሚዘራበት ተዳፋት ማሳ አለ። በስልኬ ስለካው 11 ዲግሪ አካባቢ ሆነ፤ የግብርና ባለሙያው ግን 20 ፐርሰንት ነው አሉ። የቱን ልቀበል? በዓመት ስንት አፈር እንደሚታጠብስ ከዚህ ተነስቼ መገመት እችላለሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው። ፐርሰንት ማለት ቁልቁል የወረደው ከፍታ ለአግድም ርቀቱ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ነው፤ 11.3 ዲግሪ 20 ፐርሰንት ይሆናል፣ 45 ዲግሪ ደግሞ 100 ፐርሰንት። የአፈር መሸርሸር ቀመር የሚፈልገው ፐርሰንቱን ነው። 11ን እንደ ፐርሰንት አድርገው ካስገቡ የሚታጠበው አፈር በግማሽ ገደማ አንሶ ይታይዎታል፤ ይህ ስህተት በሪፖርቶች ላይ ሳይቀር ያጋጥማል።

ስልኩን መሬት ላይ ካስቀመጡት የሚለካው ጓሉን እንጂ ማሳውን አይደለም፤ ቢያንስ 2 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ያኑሩት። ከሱ የሚሻለው ሲባጎ፣ ሁለት ባለ 2 ሜትር እንጨቶችና የገመድ ውሃ ልክ (ሲባጎ ላይ የሚሰቀል ባለ አረፋ መለኪያ) ነው። በዚህ ቁልቁለት 10 ሜትር ሲባጎ ቢጠቀሙ እንጨቱ ያጥርብዎታል፤ በ5 ሜትር ይሥሩ። ውሃ ልኩን በትክክል መሀሉ ላይ ይስቀሉ፣ ምክንያቱም ሲባጎ ሁልጊዜ ትንሽ ይረግባል፤ ከመሀል ከወጣ አረፋው ይዋሻል። አረፋው መሀል ሲቆም በታችኛው እንጨት ላይ ያለው የሲባጎ ከፍታ ከላይኛው በ1 ሜትር ከበለጠ፣ 1 ለ5 ሲካፈል 20 ፐርሰንት ነው። ከዚያ ውሃ ልኩን አዙረው ሰቅለው ይድገሙት። ማሳው መሀሉ ላይ ከተሰበረ ላይኛውንና ታችኛውን ለየብቻ ይለኩ፤ አማካዩ ገደላማውን ክፍል ይደብቃል።

ለግምቱ፣ የስዊስ ተመራማሪው ሃንስ ሁርኒ በ1985 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ያስማማውን ቀመር ይጠቀሙ። ስድስት ቁጥሮች ይባዛሉ። የዝናቡ ኃይል የዓመቱ ዝናብ በ0.562 ተባዝቶ 8.12 ሲቀነስለት ነው፤ 1200 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 666 ይሆናል። አፈሩ በቀለሙ ይገመታል፦ ጥቁር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30። ማሳው ወደ ታች 80 ሜትር ይረዝማል ብንል ለርዝመቱ 1.9፣ ለ20 ፐርሰንት ተዳፋት 2.2፣ ለጤፍ 0.25፣ ተዳፋቱን አግድም ለማረስ 0.9። ለቡናማ አፈር ብዜቱ በሄክታር በዓመት 125 ቶን ገደማ ይደርሳል፤ ከማሳው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ተነሣ ማለት ነው። ተዳፋቱ 10 ፐርሰንት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 1.0 ስለሆነ 57 ቶን ይሆን ነበር።

ቁልቁለቱን መቀየር ቢከብድም ርዝመቱን ማሳጠር ይቻላል። በየ10 ሜትሩ እርከን ቢሠራ 1.9 ወደ 0.7 ይወርድና ግምቱ 46 ቶን ገደማ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን እርከኑ ውሃውን ሲይዝ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ካለ ውሃው በዚያ ተሰብስቦ ይሰብረዋል፤ ከታችም ቦረቦር ይከፍታል። ስለዚህ ጫፉን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፣ በየክረምቱም ይጠግኑ። ጤፍ እዚህ ላይ በተለይ አሳሳቢ ነው፤ መሬቱ ደቅቆና ተረግጦ የሚዘራበት ጊዜ ዝናቡ ከሚበረታበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

ጥያቄ፦ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ተራራ ከማሳ የበለጠ ቁልቁል ነው። ታዲያ በጣም የሚሸረሸረው እሱ አይደለም?

መልስ፦ መልሱ ያለው ከዛፉ ሥር ነው። በ40 ፐርሰንት ተዳፋትና በ160 ሜትር ርዝመት፣ ከላይ ባለው ዝናብና አፈር፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን (በጤፉ 0.25 ቦታ 0.001 ገብቶ) በሄክታር 1.4 ቶን ያህል ብቻ ይለቃል። ለሌላ ዓይነት ደን ሠንጠረዡ ከ0.01 እስከ 0.05 ይሰጣል፤ በ0.05 ሲሰላ 68 ቶን ይደርሳል። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ መሬቱ ከተራቆተ ወደ ላይኛው ቁጥር መጠጋት ይገባል፤ ከረጅም ዛፍ የሚንጠባጠበው ጠብታ ባዶውን አፈር በኃይል ይመታዋልና።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ከቡራዩ። ከ30 ሜትር የሳተላይት የከፍታ መረጃ ያወጣሁት ተዳፋት በእጅ ከተለካው በጣም ያንሳል። ለምን?

መልስ፦ አንዱ ነጥብ የ30 ሜትር ስፋት አማካይ ስለሆነ አጫጭር ገደሎች ይለሰልሳሉ። ተዳፋቱ በተቃራኒው ወደ 90 ዲግሪ ከተጠጋ፣ ርቀቱ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ሆኖ ተሰልቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ርቀትን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ይለውጡት። የተዳፋቱን ርዝመት ከውሃ ፍሰት ክምችት (ወደ እያንዳንዱ ነጥብ ከላይ ከሚፈሰው ውሃ ስሌት) ሲያወጡም ቦረቦርና ወንዝ ላይ ያቋርጡት፤ የሁርኒ ሠንጠረዥ 320 ሜትር ላይ ያበቃል። ቀመሩ የቦረቦርን አፈር አይቆጥርም፤ ተዳፋቱ ግርጌ የሚቀረውንም አይቀንስም። ስለዚህ የማሳዎቹን ድምር ለገፈርሳ ግድብ እንደሚደርስ ደለል አድርገው አይጻፉት።