ልጆቹን ይዘን አዲስ አበባ ስንሄድ የት እንረፍ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሦስት ልጆች አሉን። ወንዱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ ሰባት፣ ትንሿ ሦስት ልትሞላ ነው። አዲስ አበባን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ለስድስት ቀን ልንወስዳቸው አስበናል። ባለቤቴ በመኪናችን እንሂድ፣ የዓባይን በረሃ ይዩ ይላል። እኔ ፈርቻለሁ። ሌላው ደግሞ የባለቤቴ አክስት አያት አካባቢ ነው የሚኖሩት፤ እኔ ቤት ካላረፋችሁ እቀየማለሁ ብለዋል። ሌሎች ዘመዶችም አሉ፣ ሁሉም ምሳ ይላሉ። ከዚህ በፊት ሁለታችን ብቻ ስንሄድ ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው ስንዞር ነው ጊዜያችን ያለቀው። ለልጆቹስ ምን እናሳያቸው?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ የጉዞሽን ነገር የሚወስነው ማረፊያችሁ ነው፤ ስለዚህ ከአክስትየዋ ልጀምር። አያት የከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ልጆችሽ ሊያዩት የሚገባው ነገር ደግሞ አብዛኛው ያለው ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎና ፒያሳ ባለው ሰፈር ነው። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ከእሱ ትንሽ ወጣ ሲባል ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሌላ ሙዚየም አለ። አንድነት ፓርክ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ወዳጅነት ፓርክም ከዚያ አይርቅም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ነው። ከአያት በየቀኑ ብትመላለሱ የልጆቹ ጉልበትም የእናንተም ገንዘብ መንገድ ላይ ያልቃል። ለአምስት ሰው በስልክ የሚጠሩትን ራይድ ወይም ፈረስ ታክሲ በቀን ሁለቴ መጥራት ቀላል ወጪ አይደለም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ረቡዕ ገብታችሁ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ንጹሕ ፔንሲዮን ያዙ። ሙቅ ውሃ መኖሩን ጠይቁ፣ ክፍሉንም ሳታዩ አትክፈሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ሻንጣችሁን ይዛችሁ አክስት ቤት ግቡ፤ እስከ ሰኞ የእሳቸው እንግዶች ሁኑ። ስልኩን ግን አንቺ ሳትሆኚ ባለቤትሽ ይደውል፣ አክስቱ ናቸውና። «እትዬ፣ ልጆቹ የሚያዩት ነገር ስላለ እስከ ቅዳሜ አራት ኪሎ ነን፣ ከዚያ በኋላ የእርስዎ ነን፤ ዘመዱንም ሁሉ እሁድ እርስዎ ቤት ይጥሩልን» ይበላቸው። ዘመድ ሰብስበው ማብላት ለእሳቸው ክብር ነው። እናንተም ከአምስት ቤት ምሳ በአንድ ምሳ ትገላገላላችሁ። ቅያሜው እዚያው ይቀራል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ የዘጌ ቡና ያዙላቸው። ዓሣው ይቅርባችሁ፣ በአውሮፕላንም በመኪናም አይመችም።

መንገዱን በተመለከተ ከአንቺ ጋር ነኝ። የባለቤትሽ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ልጆቻችሁ ዓባይን የሚያውቁት ከጣና ወጥቶ በድልድዩ ሥር ጸጥ ብሎ ሲያልፍ ነው። ያው ወንዝ ጎጃምን በምሥራቅ፣ ከዚያም በደቡብ ዞሮ ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ከገደሉ ሥር ሲያገኙት፣ ካርታ ላይ ያለው ክብ መስመር ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ግን መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ ትታሰራለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመንገዱ ሰላም ነው። ስለሱ መወሰን ያለባችሁ ወር ቀድማችሁ ሳይሆን በዚያው ሳምንት በዚያው መንገድ የመጡ ሰዎችን ጠይቃችሁ ነው። የሚያጠራጥር ወሬ ካለ «እግዜር ያውቃል» ተብሎ በልጆች አይወጣም። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ትኬቱ ውድ ቢሆንም ሁለት ቀን መንገድ ላይ ከመዋል ያድናችኋል፣ ልጆቹም ጣናን ከላይ ያዩታል። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት አትርሱ። ትንሿ ሁለት ዓመት ስላለፋት የራሷ መቀመጫ ይያዝላታል፤ ጭን ላይ የሚሄደው ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው።

አሁን ወደሚታየው ነገር እንሂድ። በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ፣ እሱም ጠዋት። ከምሳ በኋላ ትንሿ ትተኛ፣ ትልልቆቹ ሜዳ ላይ ይሩጡ። እኛ ከክፍለ ሀገር ስንሄድ ከተማዋን በአንድ ቀን አዳርሰን መመለስ እንወዳለን፤ ማታ ልጁን ምን አየህ ስትይው ግን የበላውን ኬክ ነው የሚነግርሽ። ስለዚህ ጥቂት ነገር፣ ረጋ ብሎ።

ሐሙስ ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። ሕንፃውን በሙሉ ላዳርስ አትበዪ፣ ቀጥታ ታች ወደ ቅሪተ አካሉ ክፍል ውረዱ። ድንቅነሽ (ሉሲ) እዚያ ናት። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሀዳር የተገኘችው ማለት ነው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል፣ ይህን ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለዚያ ትልቁ ከአስጎብኚው ሲሰማ ይከፋዋል። የሰባት ዓመቷን አጠገቧ አቁሚያት። ድንቅነሽ አድጋ የጨረሰች ሴት ሆና ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ነበር፤ ልጅሽ ሳትበልጣት አትቀርም።

እኔ ግን ልጅ ይዤ ስሄድ ረጅም ጊዜ የምቆመው ሰላም ጋ ነው። ሰላም በ1993 ዓ.ም. እዚያው አፋር ውስጥ ዲኪካ በሚባል ቦታ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን ያገኛት ሕፃን ናት። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች፣ የትንሿ ልጅሽ እኩያ። ሰው «የሉሲ ልጅ» ይላታል እንጂ የኖረችው ከሉሲ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ቀድማ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ፊቷንና ጥርሶቿን እዩ። የወተት ጥርሶች ናቸው። ተመራማሪዎቹ የራስ ቅሉን በራጅ ዓይነት መሣሪያ ሲያዩት፣ ገና ያልወጡት ቋሚ ጥርሶች መንጋጋው ውስጥ ተራቸውን ሲጠብቁ ተገኝተዋል። የሰባት ዓመት ልጅሽ በዚህ ዕድሜዋ የፊት ጥርሶቿ እየወለቁ ይሆናል። አፏን ከፍታ «የእኔም እንደዚህ ነው?» ብላ ትጠይቅሻለች። አዎ በያት። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትረሳም።

ዓርብ አንድነት ፓርክ። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነገሥታቱ አዳራሽና የዙፋን ቤት አለ፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶች። ግቢው ሰፊ ነው፣ ማዘያ ያዙ። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ቦርሳችሁ ቀለል ይበል። ሰኞ ሰኞ የሚዘጉ ቦታዎች ስላሉ ለሰኞ ምንም አታቅዱ።

ቅዳሜ ጠዋት የትልቁ ልጅሽ ነው። ምርጫ ስጡት። በ2016 ዓ.ም. የካቲት የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይፈልግ፣ ወይ ስድስት ኪሎ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ሙዚየም። ሁለተኛውን ከመረጠ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረ ሕንፃ ነው፣ የንጉሡ መኝታ ክፍል እስካሁን አለ። ደጁ ላይ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ናቸው ያቆሙት፣ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ይሁን ብለው። ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እርከኖቹን ይቁጠራቸው፣ ከዚያ አንበሳው ለምን እዚያ እንደወጣ ራሱ ያስብ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህን ለመረዳት ማንም አያስፈልገውም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ልብስ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ጥር ላይ ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ምሽቱና ንጋቱ ግን የእኛን ልጆች ያንቀጠቅጣል። ጃኬት፣ ካልሲ፣ ለትንሿ ኮፍያ። እንጦጦ ልውጣ ካላችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ይብሳል፤ ልጆቹም ቶሎ ይደክማሉ፣ አትቆጧቸው።

ሁለተኛው መጥፋት ነው። የእኛ ልጆች ሳይክልና ባጃጅ ያለበት ደልዳላ መንገድ ላይ ነው ያደጉት፣ የአዲስ አበባን መንገድ ማቋረጥ አያውቁም። እጅ ይዞ መሻገር ለትልቁም ቢሆን ግዴታ ይሁን። ሁለቱ ትልልቆች ከመሄዳችሁ በፊት የእናትና የአባት ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይያዙ። ለትንሿ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሷ ውስጥ ስፉላት። ጠዋት ስትወጡ ሦስቱንም ፎቶ አንሷቸው። ክፉ አያድርገውና ከጠፉ የምን ቀለም ልብስ ለብሶ ነበር ስትባዪ ድንጋጤ አያስረሳሽም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የዘጌ ሰው ነኝ። ልጄ አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ትኖራለች። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ልጠይቃት ነው። ልጁ ባቡር ካልተሳፈርኩ ብሎ አስቸግሮኛል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ይቻላል?
አያት፣ ከዘጌ

መልስ፦ አባቴ፣ ይቻላል። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። አንዱ መስመር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል መስቀል አደባባይን አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ ልጅዎ ቤት ቅርብ ነው ማለት ነው። ሰዓቱን ይምረጡ እንጂ። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩልና ማታ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሠራተኛው ስለሚበዛ መቀመጫ ቀርቶ መቆሚያም ይጠፋል፤ ኪስ አውላቂም የሚሠራው ያኔ ነው። አራት ሰዓት ላይ ይሂዱ። ጉልበትዎን ስለሚያምዎ ከመገናኛ ወደ አያት ባለው አቅጣጫ ቢሳፈሩ ይሻላል። መስቀል አደባባይ አካባቢ ሐዲዱ ድልድይ ላይ ስለሚሄድ ጣቢያዎቹ ረጅም ደረጃ አላቸው፣ ለእርስዎ ይከብዳል። ለልጁ ባቡር ባቡር ነው፣ የትም ይሂድ፤ መስኮት ዳር ያስቀምጡት።

ለራስዎም አንድ ቀን ይያዙ። ልጅዎ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ትውሰድዎ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መቃብር እዚያ ነው፣ አጽማቸው በ1993 ዓ.ም. ነው እዚያ ያረፈው። ዘመኑን ያዩ እርስዎ ለልጁ ቢነግሩት ከአስጎብኚ ይሻላል። ከቅዳሴ በኋላ ብትሄዱ ረጋ ያለ ነው፤ ነጠላዎን አይርሱ።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄን መኪና ያስታውከዋል። አዲስ አበባ በአውቶቡስ መሄድ አለብን። ሰው ባዶ ሆዱን ውሰጂው ይለኛል።
እናት፣ ከሐሙሲት

መልስ፦ እህቴ፣ ባዶ ሆድ አይረዳውም፤ ብዙ ጊዜ ያብስበታል። ከመነሣታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ደረቅ ዳቦ ይብላ፣ ወጥና ቅባት ያለው ነገር ግን ይቅርበት። ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ትኬቱን ቀድመሽ ቁረጪና የፊት ወንበር ያዢለት። ሕመሙ የሚመጣው ዓይን ተቀምጫለሁ ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል እየሄድን ነው ስለሚል ነው። ስለዚህ ወደ ፊት፣ ሩቅ መንገዱን ይይ። ስልክ አትስጪው። በተለይ ከደጀን ወርዳችሁ ጎሐ ጽዮን እስክትወጡ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ነው። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ቢተኛ እሰየው፣ ካልተኛም መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጊለትና አጫውቺው። ሎሚ ማሽተት የሚያቀለው ልጅ አለ፣ ሞክሪው። የማስታወክ መከላከያ ክኒን በልጅ ክብደት ስለሚለካ የትልቅ ሰው ከፍለሽ አትስጪው፤ ልጁን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ጠይቂ፣ እሱም የሚሰጠው ከመነሣታችሁ በፊት እንጂ ማስታወክ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ደብል የተደረገ ፌስታል፣ ፎጣና ቅያሪ ልብስ ከእግርሽ ሥር ይሁን፣ የአውቶቡሱ ጣራ ላይ አትጫኚው።