ዲዩቲ ለምትጀምሩ አዋላጆች

ልጆቼ፣ ምረቃው አለቀ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ዕድሜዬን ማዋለጃ ክፍል የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝና ትንሽ ላስቸግራችሁ።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሀገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 49ኙ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 29 ደረሰ። በ2019 ግን 33 ሆነ። የናሙና ጉዳይ ነው የሚል አለ፤ ይሁን። ግን በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2000 ከመቶ 5 ነበሩ፣ በ2019 48 ሆነዋል። እናቶችን ኑ አልናቸው፤ መጡ። ከመጡ በኋላ ያለው የእኛ ሥራ ነው።

ጨቅላዎቹን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ያለ ቀን መወለድ፣ መታፈንና ኢንፌክሽን ነው። የታፈነውን አድርቃችሁ፣ ጀርባውን አሽታችሁ ካልተነፈሰ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት፣ አየር ስጡት። ባጉ ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ቁልፉ ከኃላፊዋ ጋር ቤት ከሄደ የለም ማለት ነው። ዲዩቲ ስትረከቡ መጀመሪያ እሱን እዩ። ያለ ቀኑ ለተወለደው ደግሞ የእናቱ ደረት አለ። ሕፃኑን ቆዳ ለቆዳ እናቱ ደረት ላይ ማቀፍ፣ በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ላይ በማሞቂያ እጥረት የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ዛሬ የዓለም መመሪያ ሆኗል።

ያ 33 ግን ሞተው የተወለዱትን አይጨምርም። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ከመቶ 40 በላይ የሚሆኑት ምጥ ከጀመረ በኋላ ነው የሚሞቱት። የእኛ መዝገብ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፦ ፍሬሽ (ገና የሞተ) ወይም ማሰሬትድ (ከሞተ የቆየ)። ቆዳው ከተላጠ ማህፀን ውስጥ ከሞተ ሰዓታት አልፈዋል። ቆዳው ደህና ከሆነ ግን ምናልባት እናቱ እኛው አልጋ ላይ እያለች ነው የሞተው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደክሟችሁ፣ ‹‹ማሰሬትድ በልና ተገላገል›› የሚል ሰው አይጠፋም። እንዳትሰሙት። ፍሬሽ ብላችሁ ስትጽፉ የልብ ምቱ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተደመጠ የሚል ጥያቄ ይመጣል። በየሠላሳ ደቂቃው መደመጥ ነበረበት። ለሪፈር የተጠራው አምቡላንስ ስንት ሰዓት ቆየ? ይኼም ይጠየቃል። ማሰሬትድ ካላችሁ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። ፓርቶግራፉንም፣ ምጡ እየተካሄደ ሳለ መሞላት ያለበትን የመከታተያ ሰንጠረዥ፣ እናቲቱ ከወለደች በኋላ ቁጭ ብሎ በአንድ እስክሪብቶ የሚሞላውን ታውቁታላችሁ፤ መስመሩ እንዴት እንደሚያምር!

እናቲቱስ? ዘመድ ‹‹ከባድ ነገር አንስታ ይሆናል›› ማለት ይጀምራል፤ እናንተ ፊት ሲባል ዝም አትበሉ። የሌላ እናት ሕፃን ከሚያለቅስበት ክፍል አውጧት። ልጇን ማየት ከፈለገች አሳዩአት። በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡቷ ወተት ይሞላል፤ ቀድሞ የሚነግራት ስለሌለ ቤቷ ሆና ትደነግጣለች። ሳትወጣ ንገሯት። በሚቀጥለው ስታረግዝ ቶሎ እንድትመጣ፣ ደም ግፊቷንና የቂጥኝ ምርመራዋን ከመጀመሪያው እንዲያዩላት ካርዷ ላይ ጻፉላት።