ያለ መኪና አንድ ቀን በሳንታ ሞኒካ

እናትሽን ይዘሽ፣ ያለ መኪና፣ በአንድ ቀን ሱቁንም ምሳውንም ባሕሩንም ማዳረስ ይቻላል ወይ ላልሽው፦ ይቻላል። ከሎስ አንጀለስ መሃል ወደ ሳንታ ሞኒካ በሚሄደው የሜትሮ ኢ መስመር ባቡር ተሳፍራችሁ መጨረሻው ጣቢያ ውረዱ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በእግር ነው።

ቀኑን መምረጥ ከቻልሽ ረቡዕ ይሁን። ጠዋት አሪዞና ጎዳና ላይ የገበሬዎች ገበያ አለ፤ የታወቁ ምግብ ቤቶች ሼፎች ሳይቀሩ የሚሸምቱበት ነው። እኔ ከከተማው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ቀጥሎ ለመኪና ዝግ በሆነው የሦስተኛ ጎዳና ፕሮመናድ ሱቆቹን እያያችሁ ውረዱ፤ ምሳም እዚያው አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ1909 የተከፈተውን ፒር፣ ማለትም ከዳርቻው ወደ ባሕሩ የተዘረጋውን መሄጃ፣ ለፀሐይ መጥለቂያ አቆዩት።

ሹራብ ግን እንዳትረሺ። እኔ በበጋ ሙቀት ነው ብዬ እናቴን በስስ ልብስ ወስጃት፣ አመሻሽ ላይ የባሕሩ ንፋስ ሲያንቀጠቅጣት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስን።